የመሳፍንት ውኃ

ድንጋይ በር ከአማኑኤል ከተማ ወደ ውስጥ የምትገኝ መንደር ናት፤ ግማሹን መንገድ በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር ይኬዳል። እዚያ ያለውን የእጅ ፓምፕ ማንም ፓምፕ ብሎ አይጠራውም። «የመሳፍንት ውኃ» ነው የሚባለው። የሚጠጣ ሰው ጣሳውን ወደ አፉ ከማስጠጋቱ በፊት «የመሳፍንትን ነፍስ ይማር» ይላል። አጠገቡ ካለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ አንዲት ሴት፣ ሽንኩርት እየከተፈችም ይሁን ዶሮ እያባረረች፣ «አሜን!» ብላ ትመልሳለች። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ድምፁ ከየት እንደመጣ ፈልጌ አጣሁት።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ትባላለች። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን ለአተራረክ እንዲመቸኝ «እሷ» ብያታለሁ። ብትሰማ ትቆጣ ነበር። እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ተስፋዓለም ነው፤ ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እኛ ቤት ለሞተ ሰው አይጸለይም። ስለዚህ ውኃውን ስጠጣ ምንም አልልም፤ ጥሩነሽም በበሩ አጮልቃ ታየኝና አሜኗን ትነፍገኛለች።

መሳፍንት አንድ ልጇ ነበር። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በአርባው ተዝካር ይጠበቅባት ነበር፤ በሬ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ካህናቱና አገሩ ሁሉ ተጠርቶ። እሷ ግን በሬውንና እህሉን ሸጠች፤ ከጓሮዋም መሬት ቆርሳ ሰጠች። በዚያ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች የሚቀዱት ቁልቁል ወርደው፣ ከብት ከሚጠጣበት ጅረት ነበር። በልጇ ስም ጉድጓድ አስቆፈረችላቸው። የነፍስ አባቷ መምሬ አምደሚካኤል «የተጠማ ማጠጣትም ተዝካር ነው» ብለው ፈቀዱላት። ሌላው ሰው ግን አጉረመረመ። ልጇን ያለ ድግስ ሸኘችው ተብላ ታማች። ውኃው ወጥቶ የሴቶቹ ወገብ ሲያርፍ ሐሜቱ ቀዝቀዝ አለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

ጥሩነሽ ራሷ ግን ከዚህ ውኃ አትጠጣም። ለልጇ ነፍስ የሰጠችው ነገር ተመልሶ እሷ ቤት ከገባ ስጦታነቱ ይቀራል ብላ ስለምታምን፣ ላትቀምሰው ተስላለች። ጉድጓዱ ደጇ ላይ እያለ ጀሪካን አዝላ ጅረቱ ድረስ ትወርዳለች። መንደሩ ይህን ያውቃል፤ ያደንቅላትማል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን፣ ጀርባዋ ጎብጦ ዳገቱን ስትወጣ ሳያት፣ ልጇን በየቀኑ የምትሸከምበት መንገድ እንደሆነ ገባኝ።

ወደዚያ የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ሄለን ናት፤ የደሴ ልጅ። በየገጠሩ ያሉ ጉድጓዶችን ውኃ እየቀዳች ትመረምራለች። አብሬያት የምሄደው ለሳይንስ ስል አይደለም፤ ብቻውን የሚኖር መጤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜን የሚያሳልፍበት ስለሚቸግረው ነው። ጠርሙስ እይዝላታለሁ፣ እሷ ትሠራለች።

የመሳፍንት ውኃ ውስጥ አርሴኒክ አገኘችበት። አርሴኒክ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ከምድር በታች ካለው ዐለት እየሟሟ ውኃው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለ መጠን አንድ ቀን የጠጣውን ሰው ምንም አያደርገውም፤ ትዕግሥተኛ መርዝ ነው። ዓመታት ጠብቆ መዳፍንና የውስጥ እግርን ያጠጥራል፣ ቆዳን ያዥጎረጉራል፣ ከዚያ የባሰውን ያመጣል። ሄለን ምርመራውን ደገመችው። ከሚፈቀደው ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር።

ወደ መንደሩ ተመልሰን የሰዉን መዳፍ ማየት ጀመርን። የጥሩነሽ የልጅነት ጓደኛ ደስታነሽ እጇን ዘርግታ አሳየችን። መዳፏ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ የጠጠሩ ነገሮች በቅለውበታል።

«የማጭድ ነው» አለች።

ሄለን ጫማዋን እንድታወልቅ ለመነቻት። የውስጥ እግሯም ያው ነው። በእግር ማጭድ አይያዝም።

ለጥሩነሽ የነገርናት ከአበረ ጋር ሆነን ነው። አበረ የወረዳው የውኃ ባለሙያ ነው፤ የይጁቤ ሰው፣ ነገር የማያበዛ፣ ልቡ ደግ። ሄለን ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። ጥሩነሽ ነጠላዋን እያፍተለተለች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«መሳፍንት ነው እንዴ የሚመርዛቸው?» አለች።

«ኧረ ዐለቱ ነው እትዬ! ልጅዎ ምን አደረገ?» አለች ሄለን።

«ስሙን ጠርተው እኮ ነው የሚጠጡት።»

አበረ የፓምፑን እጀታ መንቀል ግዴታው እንደሆነ ተናገረ። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ልጇን ሁለተኛ ሊቀብሩባት የመጡ ሰዎች ፊት እንደቆመች ነበር የምታየን። በሬውን ሸጣ፣ ድግሱን አስቀርታ፣ የሰው አፍ ችላ ለነፍሱ ያኖረችው ነገር ይኸው አንድ ጉድጓድ ነው። እሱ ከተዘጋ፣ ያውም በመርዝ ምክንያት ከተዘጋ፣ ያሟት ሁሉ «ብለን ነበር» ይላሉ።

ሄለን መላ አለ አለች። የእሷ ጥናትም እሱው ነበር። አርሴኒክ የዛገ ብረት ካገኘ ይጣበቅበታል፤ ጭጎጎት ጋቢ ላይ እንደሚይዘው ማለት ነው። ስለዚህ ነጣ ያለ የወንዝ አሸዋ ታጥቦ፣ ብረት በሟሟበት ውኃ ይዘፈዘፍና ይደርቃል፤ እንደገና ይዘፈዘፍና በእቶን ይጋገራል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ቅንጣት ቀይ የዝገት ካባ ይለብሳል። ይህን አሸዋ በርሜል ውስጥ ሞልቶ ውኃውን ከላይ ቢያፈሱበት፣ አርሴኒኩ ዝገቱ ላይ ይቀርና የሚጠጣው ውኃ ከታች በቧንቧ ይወጣል። ካባው እየጠገበ ሲሄድ አሸዋው ይቀየራል። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪው ያንቀላፋበታል፤ ለጥሩነሽ ግን ያን ዕለት መርዙን የሚያስቀር አሸዋ አለ ብቻ አልናት፤ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማች፤ አበረም እጀታውን ለጊዜው ተወው።

ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ በርሜሎቹ ከፓምፑ አፍ ሥር ተተክለው መንደሩ ሊሰበሰብ ሲል አበረ ሄለንን ለብቻዋ ጠራት።

«ዝገት ያልሽ እንደሆነ ማንም አይጠጣልሽ። ልዩ አሸዋ ነው በያቸው፤ ይበቃል።»

አገሩን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ምክሩም ምክር ይመስል ነበር። ሄለን ልዩ አሸዋ ነው አለች። በርሜሉን በንጽሕና ያዙ ብላም አደራ ሰጠች። አሸዋው ለምን ቀይ እንደሆነ የጠየቀም የለም፣ የተናገረም የለም።

በርሜሎቹ ሠሩ። የሚወጣው ውኃ ከሚፈቀደው በታች ሆነ። አበረ ደስ ብሎት፣ ግን ደግሞ ሥራው ነውና፣ በጥር መጨረሻ ድንገት መጥቶ ራሱ ቀድቶ እንደሚያስመረምር ነገረን። በዚያ ካለፈ ውኃው ለዘለቄታው ይፈቀዳል፤ ካላለፈ እጀታው ይነቀላል። ጥሩነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ የበርሜሎቹ ዘብ ሆነች። ክዳናቸውን በነጠላዋ ትወለውላለች፤ የተደገፈባቸውን ሰው ትቆጣለች። «አሜን» ስትልም ድምፁ ከድሮው ጠንከር አለ።

በጥር ደግሞ የመሳፍንት ሰባት ዓመት ነበር። በአርባው ያላወጣችውን ተዝካር በሰባት ዓመቱ ልታወጣ ቆርጣ ተነሣች። ዳስ ተጣለ፣ በግ ታረደ፣ ጠላው በየጋኑ ፈላ። እኛንም ጠራችን። እሑድ ሄለንና እኔ ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ለምግብ ተቀምጧል። መምሬ አምደሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ከካህናቱ መሐል ነበሩ። ዳሱ ሞልቶ ሰዉ ሜዳው ላይ ተርፏል። ጥሩነሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሽከረከራለች። ሐሜተኛ ሁሉ አፉ በእንጀራ ተይዟል፤ የልቧ ደርሶላት ነበር።

በርሜሎቹ ጋ ደግሞ ወረፋ ነው። በልቶ የጠገበ ሁሉ ጣሳውን ይሞላና «የመሳፍንትን ነፍስ ይማር» ይላል። ያን ቀን «አሜን» የሚለው ዳሱ በሙሉ ነው።

ሄለን እንደ ልማዷ የበርሜሉን ክዳን ከፈት አድርጋ አየች። እንደከፈተችውም ቀረች። ጠጋ ብዬ ሳይ አሸዋው ነጭ ነው።

ጥሩነሽ ከኋላችን መጣች፤ ፊቷ በራ።

«አየሽው ልጄ? እኔና ደስታነሽ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ነው። አሸዋውን በገበቴ በገበቴ እያረግን በአመድና በግራዋ ፈተግነው። ያ ሁሉ ዝገት! ደም የመሰለ ውኃ ነው የወጣው። እሱን ኖሯል እኮ ሰው ሲጠጣ የኖረ! አሁን እይው እስቲ፣ ነጭ ጤፍ አይመስልም?»

ግራዋ መራራ ቅጠል ነው፤ እዚህ አገር ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በእሱ ሳይታሽ ለድግስ አይቀርብም። በርሜሉም ለተዝካር የሚቀርብ ዕቃ ነውና እንደ ጋን ታጠበ። በሟች ስም ለሰው የሚሰጥ ነገር እድፍ አይኑርበት ብላ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንብሳ፣ መድኃኒቱን ነጥላ አጥባ አወጣችው። እጣቢውንም እግር እንዳይረግጠው ብላ አጥር ከለል ካለ የወይራ ዛፍ ሥር አፍስሳዋለች። የሚያሳዝነው፣ ሁሉንም በትክክል ነው ያደረገችው።

ሄለን ክዳኑን መለሰች። «በጣም ደክማችኋል» ብቻ ነው ያለቻት። ጥሩነሽ እንግዶቿ ዘንድ ስትመለስ ሄለን ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ይነገራት» አለች።

«አብደሻል? በተዝካሩ ላይ?» አልኳት። «ሰባት ዓመት የጠጡትን አንድ ቀን ቢጨምሩበት ምን ይሆናሉ? ነገ እንንገራት።»

ሒሳቤ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ሄለን ግን ወረፋውን እያየች ነበር። አንዲት ሴት ለታቀፈችው ሕፃን ውኃ እያቀመሰች «ነፍስ ይማር በል» ትለዋለች። ሄለን ጥላኝ ሄደች።

ከዳሱ ኋላ፣ ጋኖቹ ከተደረደሩበት አጠገብ ነገረቻት። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ፤ የሚባለው ግን ይሰማኛል። ሄለን አለቀሰች፤ ዝገቱ ራሱ ነበር መድኃኒቱ፣ ባለመናገር ያጠፋነው እኛ ነን አለቻት። ጥሩነሽ አላለቀሰችም።

«አሁን የሚጠጡት እንደ ድሮው ነው?»

«ሊብስም ይችላል። አመዱ የተያዘውን ያስለቅቀዋል።»

«እሽ» አለች ጥሩነሽ።

ነጠላዋን አስተካክላ በዳሱ መሐል አለፈች። ለሚያመሰግናት አልመለሰችም። ወረፋውን ሰንጥቃ ገብታ ቧንቧውን ዘጋችና ጀርባዋን ለበርሜሉ ሰጥታ ቆመች።

«የልጄን ውኃ አትጠጡ» አለች።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም፤ የሳቀም ነበር። ደግማ ተናገረች። ቀዩ ነገር መርዙን ይይዝ የነበረ መድኃኒት እንደሆነ፣ እሷ አጥባ እንዳወጣችው፣ ከጠዋት ጀምሮ የተጠጣው ሁሉ ያው የድሮው እንደሆነ ተናገረች። የማንንም ስም አልጠራችም፤ አበረንም፣ ሄለንንም፣ አብረዋት ያጠቡትንም። «አጠብኩት» ነው ያለችው። በልጇ ተዝካር ላይ፣ ስንት ዓመት አፉን ስትፈራ በኖረችው ሰው ፊት። እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር ስንት ጊዜ ተሳስቼ ተማሪ ፊት አድበስብሼ አልፌያለሁ። ያን ዕለት አፈርኩ።

ደስታነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። የያዘችውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ቀርባ የጥሩነሽን ቀኝ እጅ ያዘች። መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችውና የራሷን መዳፍ አጠገቡ ዘረጋችው።

የጥሩነሽ እጅ የገበሬ ሴት እጅ ነው፤ ሻካራ፣ ግን ደህና። የደስታነሽ ግን ያው እንደነገርኳችሁ ነው። ሰዉ ሁለቱን መዳፎች አየ።

«አንች መቼ ጠጥተሽው ታውቂያለሽ?» አለች ደስታነሽ። ድምፅዋን አላነሣችም። «ሰባት ዓመት ሙሉ ለእኛ ቀድተሽ አንች ከጅረት። ታውቂ ነበር?»

ለምን እንደማትጠጣ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ስንት ጊዜ ተመርቃበታለች። ያ የታወቀ ነገር ግን ሁለቱ መዳፎች አጠገብ ለአጠገብ ሲዘረጉ መልኩ ተለወጠ። ጥሩነሽም የገዛ መዳፏን አየችው። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሥቶ ሄደ። የተረፈው ጠላ እዚያው ጋኑ ውስጥ ሆመጠጠ።

አበረ በማግስቱ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ቀድቶ ማስመርመርም አላስፈለገው። እጀታውን ነቀለ። «ዝገት አትበይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አላት ሄለንን። እኛ ከወይራው ሥር መርዝ የጠጣውን አፈር ቆፍረን አውጥተን፣ በሲሚንቶ አቡክተን ደፈንነው። ሄለን አዲስ አሸዋ ማልበስ ጀመረች፤ እኔም ጠርሙስ ከመያዝ አልፌ እቶኑ ላይ ተመደብኩ። እውነቱን ለመናገር ሥራው አሰልቺ ነው። ትዘፈዝፋለህ፣ ታደርቃለህ፣ ትጋግራለህ፣ ቀይ አቧራ ሸሚዝህ ውስጥ ይገባል።

በዚያን ወቅት መንደሩ ወደ ጅረቱ ተመለሰ። በበጋ ጅረቱ ኩሬ ነው፤ ከብቱ ይረግጠዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ልጆች መታመም ጀመሩ፤ ተቅማጥ የማይሰማበት ቤት ጠፋ። ጥሩነሽም ከእነሱው ጋር ትወርዳለች፤ ግን ስትደርስ ይነሣሉ። ብቻዋን ቀድታ ብቻዋን ትመለሳለች። ደጇ ላይ የሚጠራ ስም የለም፤ እሷም የምትመልሰው አሜን የላትም። ቤቷ እንዲያ ጸጥ ብሎ ሳየው ከበደኝ።

አዲሱን አሸዋ ስናመጣ ሄለን ምንም አልደበቀችም። «ይሄ ዝገት ነው» አለች፤ «መርዙን የሚይዘው እሱ ነው፤ እንዳይታጠብ።» አበረም እጀታውን መልሶ ገጠመ፤ ውኃውን ራሱ ወስዶ አስመረመረ፤ ጥሩ ሆነ። ሁሉም ጥሩ ሆነ፤ የሚቀዳ ሰው ግን የለም። የነገርናቸው ጥቂት አዛውንቶችና ልጆች ቆመው አዳምጠውን ወደየቤታቸው ሄዱ። ሰው አንዴ ልዩ አሸዋ ተብሎ፣ ኋላ ዝገት ነው ሲባል ምን ብሎ ይመን? በውኃው ባለቤት ላይ ጥርጣሬ የገባው ሰው ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠጣም።

«እስከ እሑድ ልጠብቅ» አለን አበረ ተክዞ። «ሰው የማይቀዳበት ፓምፕ ለሌላ ቀበሌ ይሰጥ ተብሏል። የሚለምነኝ ብዙ ነው።»

መምሬ አምደሚካኤልም እዚያው ነበሩ፤ ጸበል ሊረጩበት መጥተው። ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ እኔ ብጠጣው ይጠጡት ይሆን?»

«ይጠጡ ይሆናል።»

«ስለቴሳ?»

መምሬ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ነገር የማያድበሰብሱ ሰው ናቸው። «ልፈታሽ እችላለሁ» አሏት። «አይከብድሽም ልልሽ ግን አልችልም።»

እኔ በልቤ ተናደድኩ። እግዚአብሔር የሰጪን ጥም የሚቆጥር ይመስል፣ አንድ ጣሳ ውኃ ምን ይከብዳል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን መለስኩት። እኔ የማየው ውኃ ነው፤ እሷ የምታየው ለልጇ የላከችውን ብቸኛ ስንቅ ነው። ከመንገድ መልሺው እየተባለች ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገዱ በጉድጓዱ አጠገብ ነው። ጥሩነሽ ቀድማ ደርሳ በርሜሉ ጎን ቆማለች። ሄለን፣ አበረና እኔ አጥሩን ተደግፈናል። ጠዋት ሰላም ስላት ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንዳልቀመሰች ነግራኝ ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሰዎቹ ሲያዩዋት ዝግ አሉ እንጂ አልቆሙም ነበር። እሷ ግን ፓምፑን ትገፋ ጀመር። የፓምፑ ድምፅ ለስንት ጊዜ ያልተሰማ ነገር ነውና ሰዉ ሳያስበው ቆመ።

ቧንቧውን ከፈተች። በሽቦ የተንጠለጠለውን ጣሳ ሞላች። ውኃው ተርፎ በጣቶቿ መሐል ፈሰሰ። ጣሳውን ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ ዝቅ አደረገችው። የረሳችውን ነገር አስታውሳ ነው። ከዚህ ውኃ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የሚለውን ነገር እሷ አንድም ቀን ብላው አታውቅም፤ የእሷ ፈንታ ሁልጊዜ መልሱ ነበር።

«የመሳፍንትን…» አለችና ቆመች። «የልጄን የመሳፍንትን ነፍስ ይማር።»

ጠጣች። ትንሽ ቀምሳ አልተወችውም፤ ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ እያየን ጣሳውን እስከ ታች ጨረሰችው። ሲያልቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ባዶውን ጣሳ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

ከቆርቆሮው ቤት «አሜን» የሚል አልነበረም። ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚመልሰው ሰው እዚህ ቆሟል። ሄለን እጄን ያዘች።

«አሜን» አለች ደስታነሽ ከሰዉ መሐል።

ከዚያ ጀሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ መጣችና ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችው።